የግጦሽ አፍ ማሰሪያ ምንድን ነው? ፈረስስ እንዴት ይለምደዋል?

አንድ ፈረስ አፉና አፍንጫው ቅርጫት መሰል ነገር ውስጥ ገብቶ፣ ሜዳ ላይ አንገቱን ደፍቶ ብታዩ ምን ትላላችሁ? አዳማ ውስጥ ሦስት ዓይነት መልስ ነው የሚሰማው። አንዱ «ተናካሽ ነው ማለት ነው» ይላል። ሌላው «ፉርሽካ እየበላ ነው» ይላል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ «ለፈረስም ማስክ መጣለት?» ብሎ ስቆ ያልፋል። አንዳቸውም አላገኙትም።

የግጦሽ አፍ ማሰሪያ ፈረሱ እየጋጠ፣ ግን በአንድ ጉርሻ ጥቂት ብቻ እንዲያገኝ የሚያደርግ ቅርጫት ነው። ከጎማ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከናይለን ጠፍር ይሠራል። ጭንቅላቱ ላይ ከሚጠለቀው ጠፍር ጋር ይያያዛል። ከታች በኩል ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ አለው። የሳሩ ጫፍ በቀዳዳው ሲገባ ፈረሱ በጥርሱ ቆርጦ ያኝከዋል፣ ከዚያ ሌላ ጫፍ ይፈልጋል። ጎኑ ክፍትፍት ስለሆነ አየር ያስገባል። አፉን ውሃ ውስጥ ሲነክርም ውሃው ስለሚገባለት ይጠጣል። አፉ አልተዘጋም፣ ፍጥነቱ ነው የተያዘው።

«ሳር መብላት ደግሞ ምን ችግር አለው?» ማለታችሁ አይቀርም። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፣ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። አሲዱ ግን ምግብ ኖረም አልኖረም ሳያቋርጥ ይመነጫል። ስለዚህ ፈረስ ጥግብ ብሎ የሚተኛ እንስሳ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ሲለቃቅም የሚውል ነው። ደረቅና ሻካራ ሳር ላይ ይሄ ጥሩ ነው። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲለመልም፣ ወይም ወንጂ በኩል በመስኖ ቦይ ዳር የበቀለው እርጥብ ሳር ላይ ሲታሰር ግን ነገሩ ይለወጣል። ለጋ ሳር ስኳር አለው። በተለይ ቁመታቸው አጠር ያሉ ዝርያዎች ለምለም ሜዳ ላይ ከተለቀቁ በቀን የክብደታቸውን 5 በመቶ የሚያህል ደረቅ መኖ ሊበሉ ይችላሉ። የሚበቃቸው 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ!

ትርፉ ስብ ይሆናል። የስቡ ጣጣ ደግሞ ከውበት አልፎ እግር ላይ ይወርዳል። ፈረሱ ሲወፍር ኢንሱሊን በደሙ ውስጥ ይበዛል፣ ይህም ሰኮናውን ከውስጥ አጥንት ጋር የሚያያይዘውን ስስ ሥጋ ይጎዳል። በሕክምናው ቋንቋ ላሚናይቲስ ይባላል። ምልክቱን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም፦ ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ሰኮናው ሲነካ ይሞቃል፣ ጠንካራ መሬት ላይ በተለይ ሲዞር እያነከሰ ነው የሚሄደው። ሲብስ አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል። ፈረስ ሆኖ እግር ማጣት ምን ማለት እንደሆነ መቼም ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ለአብዛኛው የአዳማ ጋሪ ፈረስ ይህ ዕቃ አያስፈልገውም። ሲሚንቶ ሲጎትት የዋለን፣ ጎድኑ የሚቆጠርን ፈረስ አፉን ማሰር ግፍ ነው። መጽሐፉም «እህል የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» ያለው ለዚሁ ነው፣ ለሚሠራ እንስሳ። የሚያስፈልገው ሌላው ነው፦ ባጃጅ መንገዱን ከያዘው ወዲህ ሥራ የቀነሰበት፣ ተጎድቶ ወራት ያረፈ፣ ለእሁድ ግልቢያ ብቻ የሚወጣ፣ ጡረታ የወጣ። በእጃችሁ ዳስሱት። ጎድኑ ላይ መዳፋችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትዳብሱ አጥንቱ ካልተሰማችሁ፣ ከጋማው ሥር ያለው የአንገት ሸንተረርም ደንድኖ በእጅ ሲገፋ እሺ ካላለ ወፍሯል ማለት ነው። «አምሮበታል» የምንለው ብዙ ፈረስ እኮ ታሟል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ሰው ማሰሪያውን ያገኝና በዚያው ቀን አጥልቆ ሜዳ ላይ ይለቀዋል፣ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ብሎ። ፈረሱ ሳሩ አፍንጫው ሥር እያለ መብላት ያቅተዋል። በፊት እግሩ መሬት ይቧጥጣል፣ ፊቱን ግንድ ላይ ይፈትጋል፣ ጭንቅላቱን ይንጣል፣ ከዚያ በር ላይ ሄዶ ይገተራል። ባለቤቱም «አልወደደውም» ብሎ ዕቃውን ጥግ ይጥለዋል። ፈረሱ እኮ በዚህ ነገር ውስጥ መብላት እንደሚቻል አላወቀም፣ ማንም አላሳየውማ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ፈረሶች አንድ ብልጫ አላቸው፣ ብዙዎቹ ፉርሽካ የሚበሉት አንገታቸው ላይ በሚንጠለጠል የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲመጣ ራሳቸው ናቸው አፋቸውን የሚያስገቡት። ይህን ልማድ ተጠቀሙበት። በመጀመሪያው ቀን አታስሩት። ማሰሪያውን መሬት ላይ አስቀምጡና ያሽትተው፣ ይግፋው። ከዚያ አንስታችሁ ውስጡ፣ ከታች በኩል፣ ጭብጥ የማይሞላ ፉርሽካ ወይም በቁመቱ የተሰነጠቀ ካሮት አድርጉና ከአፍንጫው በታች ያዙለት። ወደ ፊቱ አትግፉት፣ እሱ ይምጣ። አፍንጫውን አስገብቶ በልቶ ሲያወጣ ተዉት። ደግማችሁ ያዙለት። ለወንጂ ጎረቤት ይህን ማለት ቢከብድም የሸንኮራ አገዳ ቁራጭ አይሆንም። ከስኳር ልናስጥለው እየደከምን በሽልማት ስም ስኳር ማጉረስ ምን ይሉታል?

ያለ ማንገራገር አፍንጫውን ማስገባት ሲጀምር ጠፍሩን ከጆሮው ኋላ አሳልፉና ሳትቆልፉት ያዙት፣ ከዚያ ፍቱት። በሚቀጥለው ጊዜ ዘለበቱን ቆልፉና አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት። እዚህ ላይ ነው ዋናው ትምህርት የሚመጣው። ረጅም ሳር ቆርጣችሁ ከታች በቀዳዳው አንድ አንድ እያላችሁ አስገቡለት። መጀመሪያ ከንፈሩ ይርመሰመሳል፣ ያጣዋል፣ እንደገና ይፈልጋል። ከዚያ የሳሩ ጫፍ ጥርሱ ላይ ሲደርስ ጎተት አድርጎ ይቆርጣል። ያቺን ድምፅ፣ ቀጭ የምትለዋን፣ ሰምታችሁ ማመስገን ነው። ሦስት አራቴ ካገኘ በኋላ እጃችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ መሬት አውርዱት። አንገቱን ደፍቶ ተከትሏችሁ ይመጣል፣ ሜዳው ላይ ያለው ሳርም በዚያው ቀዳዳ እንደሚገባ የሚገባው ያኔ ነው። አንዳንዱ በሁለት ቀን ይገባዋል፣ አንዳንዱ ሳምንት ይፈጃል። እልኸኛውን በእልህ አትግጠሙት፣ እሱ ጊዜ አለው።

ከዚያ ሰዓቱን ማርዘም ነው። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሩብ ሰዓት፣ አጠገቡ ቆማችሁ። በማግሥቱ ግማሽ ሰዓት። እንዲህ እያለ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ቀን ሊደርስ ይችላል። ከ10 ወይም ከ12 ሰዓት በላይ ግን በቀን አይደረግም፣ ሌሊቱንም አድርጎ አይደር። ሲወልቅለት ደግሞ እዚያው ለምለም ሳር ላይ አትተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ነጻ የወጣ ፈረስ የቀረበትን ለማካካስ ይጣደፋል፣ አጭር ዝርያዎች በሦስት ሰዓት ውስጥ ብቻ የቀን ቀለባቸውን ግማሽ ሊጠጋ የሚችል ይበላሉ። ወደ ጋጣው አስገቡትና ገለባና ደረቅ ሳር አቅርቡለት።

የሜዳው ሁኔታም ወሳኝ ነው። ሳሩ በጣም አጭር ከሆነ በቀዳዳው አይደርስም፣ ፈረሱ እየለፋ ጦሙን ይውላል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ይተኛል፣ አይገባም። አንድ ስንዝር ያልሞላ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ሳር ለጀማሪ ይመቻል። ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት ይሁን። ሳር ስኳሩን የሚሠራው በፀሐይ ነው፣ ሲመሽ ይከማቻል፣ ሌሊት ይቀንሳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 እና 4 ሰዓት ማጋጥ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከማውጣት ይሻላል። የአዳማን ሙቀት ለሚያውቅ ደግሞ ሌላ ምክንያት መጨመር አያስፈልገውም።

ልኩን በተመለከተ፦ በአፍንጫውና በማሰሪያው ወለል መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ጉንጩ ላይም ጣት ይግባ። ከላላ አፍንጫው ላይ እየተሽከረከረ ይልጠዋል፣ ከጠበቀ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ አይችልም። በየቀኑ ስታወልቁ ሁለት ቦታ ተመልከቱ፦ የአፍንጫው አጥንት ላይ ጠፍሩ የሚያርፍበትን፣ እና ከጆሮው ኋላ። ፀጉሩ ሲሳሳ ካያችሁ ነገ ቁስል ነው፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ ነው። ለስላሳ የበግ ቆዳ ብትጠቀልሉበት ይረዳል። ጥርሱንም አልፎ አልፎ እዩለት፣ ጠንካራ ወለል የፊት ጥርስ ይበላል።

የተዘጋጀውን እዚህ ገበያ ላይ ማግኘት ስለሚያስቸግር ሰው ራሱ ይሠራል። ጎበዝ ጫማ ሰፊ ከጋሪ ጠፍር ጥሩ አድርጎ ይሰፋዋል፣ ወለሉ ከወፍራም የጎማ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ጀሪካን ቆርጠው የሚሠሩ ግን አይቻለሁ፣ ይህን አልደግፍም፣ ጠርዙ ከንፈር ይቆርጣል፣ ጎኑም አየር አያስገባም። የማዳበሪያ ከረጢትማ ጭራሽ አይሆንም። ፈረስ እንደ እኛ በአፉ መተንፈስ አይችልም፣ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው። ከረጢቱ በትንፋሹና በምራቁ ሲረጥብ አፍንጫው ላይ ይለጠፋል፣ ውሃ ሲጠጣም ውሃው አይፈስም። ለፉርሽካ ሰው አጠገቡ ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚደረገው፣ ሜዳ ላይ ለሰዓታት ግን አደጋ ነው።

ሌላው መበጠስ መቻሉ ነው። ማሰሪያው አጥር ወይም እሾህ ላይ ቢያዝ ፈረሱ ሲደናገጥ የሚላቀቅበት ደካማ ቦታ ሊኖረው ይገባል፣ አንድ ቦታ ላይ በናይለን ፈንታ ቀጭን ቆዳ ማድረግ ይበቃል። ናይለን አይበጠስም፣ የሚበጠሰው ፈረሱ ነው። ማሰሪያ ያደረገን ፈረስ በገመድ ካስማ ላይ አስራችሁም አትሂዱ። ከሌሎች ፈረሶች ጋር ከለቀቃችሁት ደግሞ መጀመሪያ ዓይናችሁን አትንቀሉ፣ መንከስ ስለማይችል ተናካሽ ጎረቤት ይጫወትበታል።

በአንዳንድ ፈረስ ላይ የሚበላው በ30 በመቶ ነው የሚቀንሰው፣ በአጫጭር ዝርያ ላይ ለጥቂት ሰዓት ሲለኩት እስከ 80 በመቶ የቀነሰበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በግምት አይኬድም። አህያ ላይ ለማድረግ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። የወፈረ አህያ መኖው በድንገት ከተቆረጠበት ስቡ ወደ ደሙ ይለቀቅና ጉበቱን ይይዘዋል፣ ይገድላልም። አጭር ዝርያ ፈረስም ከዚህ ነጻ አይደለም።

መለኪያው ቀላል ነው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሳንቲ ሜትር ለኩ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት። የሚወጣው ክብደቱ ነው በኪሎ፣ በግምት። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ 255 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዚህ ፈረስ የቀን ደረቅ መኖ ጋጣ ውስጥ የሚሰጠውን ጨምሮ ከ4 ኪሎ ባይወርድ ይመረጣል። በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሜትሩ በተመሳሳይ ቦታ ይረፍ። ዙሪያው ወደ 147 ከወረደ 10 ኪሎ ያህል ቀንሷል፣ እየሠራ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ምንም ካልነካው ቀዳዳው ሰፍቶ እንደሆነ እዩ፣ ጎማ እየተበላ ይሰፋል። ጎድኑ በመዳፍ ሲዳሰስ በቀላሉ መሰማት ከጀመረ ደግሞ ሰዓቱን አሳጥሩ፣ ሜዳው ሲደርቅም ጥቅምት ኅዳር ላይ ጨርሶ አውልቁለት።