በቤዝቦል ውርርድ ዝቅተኛ ግምት የተሰጠውን ቡድን በወርዋሪዎች ንጽጽር መምረጥ

በሰሜን አሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች በመደበኛው የውድድር ዘመን እያንዳንዳቸው 162 ጨዋታ ያደርጋሉ። በዚህ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ ኃያል የሚባለው ቡድን እንኳ ከአስሩ አራት ያህሉን ይሸነፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የውድድር ዘመን 121 ጊዜ ተሸንፎ በሊጉ ዘመናዊ ታሪክ ከፍተኛውን የሽንፈት ብዛት ያስመዘገበው ቺካጎ ዋይት ሶክስም ቢሆን 41 ጊዜ አሸንፏል። ደካማው ደጋግሞ በሚያሸንፍበት ስፖርት ያልተገመተውን ቡድን እየመረጡ መወራረድ ራሱን የቻለ ስልት ሲሆን፣ የስልቱ መነሻም በዕለቱ የሚፋጠጡት ሁለቱ ቋሚ ወርዋሪዎች፣ ማለትም ጨዋታውን የሚጀምሩት፣ ናቸው።

ወርዋሪው በ18.44 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ኳሷን ወደ መቺው የሚልከው ተጫዋች ነው፤ ጨዋታው ሁልጊዜ ከእርሱ እጅ ይጀምራል። ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቋሚ ወርዋሪዎችን ስለሚያፈራርቁ፣ ዛሬ በምርጡ ወርዋሪው የተሰለፈ ቡድን ነገ በአምስተኛው ይሰለፋል፤ የማሸነፍ ዕድሉም በዚያው ልክ ይለዋወጣል።

አሜሪካውያን አወራራጆች ዋጋውን በመደመርና በመቀነስ ምልክት ይጽፉታል። +150 ማለት 100 ዶላር ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ 150 ዶላር ያተርፋል ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ተወራራጆች በለመዱት አጻጻፍ 2.50 ኦድ ይሆናል። −170 ደግሞ 100 ዶላር ለማትረፍ 170 ማስያዝን ይጠይቃል። በ+150 ዋጋ 100 ጊዜ ተወራርዶ 42 ጊዜ ብቻ ያሸነፈ ሰው 6,300 ዶላር አትርፎ 5,800 ይከስራል፣ 500 ዶላርም ይተርፈዋል። በ−170 ተወራርዶ 60 ጊዜ ያሸነፈው ግን 6,000 አትርፎ 6,800 ስለሚከስር 800 ዶላር ይጎድለዋል። ስለዚህ በዚህ ስልት ዋናው ጥያቄ ማን ያሸንፋል የሚለው ሳይሆን፣ የተሰጠው ዋጋ ቡድኑ በእርግጥ ካለው የማሸነፍ ዕድል ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው።

ዋጋው ሊዛባ የሚችለው ተወራራጁ ሕዝብ በወርዋሪው ዝናና በስሙ በተመዘገቡት ድሎች ብዛት ሲመራ ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ክፉኛ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዮርክ ሜትሱ ጄከብ ዲግሮም በየዘጠኝ ኢኒንጉ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዘጠኝ ዙሮች) በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ሲያገኝ፣ በስሙ የተመዘገበው 10 ድልና 9 ሽንፈት ነበር። እርሱ ከጀመራቸው 32 ጨዋታዎችም ሜትስ 18ቱን ተሸንፏል፤ መቺዎቹ ነጥብ ካላመጡ ምርጡ ወርዋሪም ብቻውን አያሸንፍምና። በአማካይ የተቆጠረበት ነጥብም ቢሆን ከኋላው በቆሙት ተከላካዮች ብቃትና በአጋጣሚ ይወሰናል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ተወራራጅ ወርዋሪው ራሱ በሚቆጣጠራቸው ነገሮች፣ ማለትም በስትራይክአውት (መቺውን በሦስት ስትራይክ ከጨዋታ ማስወጣት)፣ ለመቺው በነጻ በሚሰጠው የመጀመሪያ ቤዝ (የሯጭ ማረፊያ) እና በሆም ራን (ኳሷ ከሜዳው አጥር ባሻገር ስትመታ) ላይ የተመሠረተውን ኤፍአይፒ የተባለ መለኪያ ያስቀድማል። አማካዩ ከፍ ብሎ ኤፍአይፒው ዝቅ ያለ ወርዋሪ ከሚታየው የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ የቡድኑም ዋጋ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይቀርባል።

ሆኖም ቋሚው ወርዋሪ ዛሬ እንደ ቀድሞው ዘጠኙን ኢኒንግ አይጨርስም፤ ብዙ ጊዜ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው በኋላ ተቀይረው ለሚገቡት ይለቃል። ከላይ በተጠቀሰው የ2024 ዋይት ሶክስ ውስጥ ጋሬት ክሮሼት በ146 ኢኒንግ 209 ስትራይክአውት ያስመዘገበ ድንቅ ወርዋሪ ነበር፤ ነገር ግን ክለቡ ክንዱን ለመጠበቅ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ቶሎ ቶሎ ሲቀይረው፣ ቀሪውን ጨዋታ የሚረከቡት ደካማ ወርዋሪዎች ሆኑ። እንዲህ ባለ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት ኢኒንጎች ውጤት ላይ ብቻ መወራረድ ይበልጥ አሳማኝ ነው። መቺዎቹ ለግራኝ ወርዋሪ የሚሰጡት ምላሽና ስታዲየሙም ይታያሉ፤ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የዴንቨሩ ኩርስ ፊልድ፣ አየሩ ስስ ሆኖ የተመታች ኳስ ርቃ ስለምትሄድ፣ የማንኛውም ወርዋሪ ቁጥር ይበላሻል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልሎች የስፖርት ውርርድን እንዳይፈቅዱ ያገደውን የ1992 ሕግ በሻረ በአምስተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት (ሜይ) 2018 ላይ፣ ታምፓ ቤይ ሬይስ ተቀይሮ መግባት የለመደውን ሰርጂዮ ሮሞን ለአንድ ኢኒንግ ብቻ በጀማሪነት አሰለፈ። ሌሎች ክለቦችም ይህን ዘዴ ስለወረሱት፣ ዛሬ በጀማሪነት የተመዘገበው ስም የጨዋታውን አብዛኛውን ክፍል የሚወረውረውን ሰው ላያሳይ ይችላል። የተመዘገበው ወርዋሪ ጨርሶ ካልጀመረ ግን ገንዘቡ እንዲመለስ የሚያደርግ የውርርድ ዓይነት አለ።

አወራራጆቹም እነዚህን መለኪያዎች ሁሉ አስልተው ነው ዋጋ የሚያወጡት፤ የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ጠዋት +150 የነበረው ዋጋ ጨዋታው እስኪጀመር ወደ +130 ከወረደ፣ ላለመክሰር ብቻ ከመቶው ወደ 43.5 ያህሉን ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ በ42 ሲያተርፍ የነበረው ያው ምርጫ በዚህ ዋጋ ኪሳራ ይሆናል።