ከጓሮ በታች ያለው የማን ነው?

በመንዝ፣ በመራቤቴ ወይም በደብረ ብርሃን ዙሪያ የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ ከእርሻው ሥር ድንጋይ፣ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ወይም ነዳጅ ቢገኝ «የእኔ ነው» ማለት ይችላል? አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። ደብተሩ የሚያረጋግጠው የመጠቀም መብትን ነው። የሠራው ቤት፣ የተከለው ባሕር ዛፍና በጉልበቱ ያለማው ሁሉ ግን የራሱ ንብረት ነው፤ ለዚህም ካሳ ይጠየቃል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ግን ፈቃዱን ማን ይሰጣል በሚለው ላይ ነው። በተፈጥሮ ሀብት ላይ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ ክልሉ በዚያ ሕግ መሠረት ያስተዳድራል። የነዳጅና የጋዝ ፈቃድ ከፌዴራል ማዕድን ሚኒስቴር ይወጣል። የአገር ውስጥ ባለሀብት ለግንባታ ድንጋይና አሸዋ ፈቃድ የሚያገኘው ግን ከክልሉ ነው። ስለዚህ የድንጋይ ማውጫ ፍንዳታ ግድግዳዬን ሰነጠቀ የሚል ሰው ቀበሌ ሲመላለስ ከመክረሙ በፊት፣ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ።

በአሜሪካ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሕግ የነዳጅ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር የመቆጣጠር ሥልጣን ለከተማና ለካውንቲ (ከክፍለ ግዛት በታች ላለ አካባቢ) አስተዳደሮች ሰጥቷል። የእኛ ወረዳ በነዳጅ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም፤ ቢኖረው እመርጥ ነበር።

ነዋሪው ግን ድምፅ አልባ አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 92 ፕሮጀክቱ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። ምክክሩ ማሽን ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፣ ቅጂውንም ውሰዱ።