አይሲ 50፦ ቁጥሩ ሲያንስ ለምን ይሻላል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለች ጎረቤቴ የልጇን መመረቂያ ጽሑፍ ይዛ መጣች። ልጁ ኬሚስትሪ ነው የሚማረው። «አዲሱ ውህድ በካንሰር ሴል ላይ አይሲ 50ው 4 ነው ይላል። ከ50 4 ብቻ አመጣ ማለት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም። አይሲ 50 የካንሰር ሴሎችን እድገት በግማሽ ለመግታት የሚያስፈልገው የውህዱ መጠን ነው። 4 ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ውህድ መጠን መለኪያ ነው) የሚበቃው፣ 40 ከሚፈልገው ይበረታል። 50ው መቶኛ ነው፣ 4ቱ ግን መጠን ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ልኬቱ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ሴሎች ይዘራሉ። ውህዱ ከትንሽ እስከ ብዙ እየተመጠነ ይጨመራል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ቀለም ይገባል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። ሐምራዊው በፈዘዘ ቁጥር የተረፈው ሴል ጥቂት ነው። ሐምራዊውን በግማሽ ያፈዘዘው መጠን አይሲ 50 ነው።

ታዲያ 4 ስለመጣ ብቻ መድኃኒት ተገኘ አይባልም። በረኪናም እኮ ሴል ይገድላል! እኔ ቶሎ ብዬ የምፈልገው በጤነኛ ሴሎች ላይ የተለካውን አይሲ 50 ነው። እዚያ 80 ከሆነ፣ ለ4 ሲካፈል 20 ይሆናል፤ ውህዱ ካንሰሩን ለይቶ ይመታል ማለት ነው። የጤነኛው አይሲ 50 5 ማይክሮሞላር ከሆነ ግን ሁለቱንም ነው የሚፈጀው። እንደ ሲስፕላቲን ያለ የታወቀ የካንሰር መድኃኒትም ጎን ለጎን ተለክቶ ይነጻጸራል።

ከዚያ በእንስሳት፣ ቀጥሎ በሰው ላይ ይሞከራል። ዓመታት ይፈጃል። ቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ሐኪም ያዘዘውን ሕክምና እንዳያቋርጥ።