የመመለስ ድንጋጤ ምንድን ነው?

ሰው ሀገር ሄዶ ግራ መጋባት ያለ ነው። ሁሉም ይጠብቀዋል። ዓመታት ቆይተው ወደ ገዛ ቤት ሲመለሱ የሚመጣውን ግራ መጋባት ግን ማንም አይጠብቀውም፤ የሚከብደውም ለዚሁ ነው። የመመለስ ድንጋጤ የሚባለው ይሄ ነው።

ቤይሩት ብዙ ዓመት ሠርታ የመጣች ልጅ አስቡ። የመጀመሪያው ሳምንት ፌሽታ ነው። ዶሮ ይሠራል፣ ዘመድ ይጎርፋል፣ ሻንጣ ይከፈታል። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይበተናል። ስትሄድ ቤተሰቡ አራት ኪሎ ነበር፣ አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በስልክ ነግረዋታል፣ ፎቶም ልከውላታል፣ እሷ ስትናፍቅ የኖረችው ግን ያኛውን ግቢ ነው፣ ያኛዎቹን ጎረቤቶች። ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ታክሲ የት እንደሚቆም እንደ እንግዳ ትጠይቃለች። ባለሱቁ «በቴሌብር ላኪልኝ» ይላታል፤ ቴሌብር የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፣ እሷ የለችም። ሽንኩርት ስንት እንደገባ ስትሰማማ ተዉት።

ቤት ውስጥም አለ። ሳታስበው «ያላ»፣ «ኻላስ» ትላለች፣ ወንድሟ ይስቃል። በሩን ዘግታ ብቻዋን መሆን ያምራታል፣ እናቷ ይከፋቸዋል። «ኮራች» ይባላል። ጉራ ግን አይደለም፣ የኖረችበት ልማድ ነው።

ነገሩን ቀድሞ ካሰቡበት አንዱ ቪየና የተወለደው የማኅበረሰብ አጥኚ አልፍሬድ ሹትስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ከጦርነት ስለሚመለሱ ወታደሮች ጽፎ ነበር። የሄደውም የቀረውም ተለውጠዋል፣ ሁለቱም ግን የያዙት የድሮውን ሥዕል ነው። በ1963 ደግሞ ጆንና ጂን ጉላሆርን፣ ከውጭ የተመለሱ አሜሪካውያንን አይተው፣ ስሜት ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ይነሳል አሉ፦ አንዴ እዚያ፣ አንዴ እዚህ። የውጩን ኑሮ ብቻ ብትስሉት ሃሌታው ሀን ይመስላል፣ መመለሱን ስትቀጥሉበት ንጉሡ ሠ ይሆናል። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አምሮ አይመጣም፤ የኋላ ጥናቶችም ቅርጹን ተከራክረውበታል። ሁለተኛው መውረድ መኖሩን ግን ተመላሽ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

ተገደው የመጡት ላይ ይብሳል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ሻንጣ ለማዘጋጀት፣ ደሞዝ ለመቀበል እንኳ ጊዜ አላገኙም። ቀድሞ ያሰበበትና ድንገት አውሮፕላን ላይ የተጫነ ሰው እኩል አይለምዱም።

ምን ይረዳል? እንደኔ ከምክር ይልቅ ትንንሽ ሥራ ይሻላል። ገበያውን እሷ ትሂድ፣ ታክሲውን ራሷ ትያዝ፣ የብሎኩ እድር ውስጥ ትግባ። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ከዓረብ ሀገር የመጣች ካለች ቡና አጣጧቸው፤ እነሱ ሳያስረዱ ይግባባሉ። ገንዘቧ ላይ አትጣደፉ፣ ዋጋው እስኪገባት ድረስ ባጃጅ ግዢ፣ ሱቅ ክፈቺ አትበሏት። ሲያልቅባት እናንተም አትወዱትም። «መቼ ነው የምትመለሺው?» የምትለዋን ጥያቄ ደግሞ፣ በተለይ ጎረቤት ፊት፣ ለጊዜው ተዉላት።