«የአስታማሚ ጫና» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። አንድ ተናጋሪ «የአስታማሚ ጫና የሚባለው የፈረንጅ ወሬ ነው፤ እኛ ዘንድ እናት ሸክም አትሆንም» አለና ተጨበጨበለት። እናት ሸክም አለመሆኗን አልከራከርም። የምከራከረው ቃሉ ያላለውን እንዳለ መቆጠሩን ነው። ተኝተው በሚታከሙ ሰዎች ክፍል በነርስነት ስሠራ፣ እንዲህ ያለው አነጋገር አሳፍሯቸው «ደከመኝ» ማለት ያቃታቸውን፣ ኮሪደር ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚያለቅሱ ልጆችን አይቻለሁ።

የአስታማሚ ጫና ማለት ማስታመም በአስታማሚው ጊዜ፣ ስሜትና ኑሮ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው፤ የሚለካውም አስታማሚው ላይ ነው። ታማሚዋ «ከባድ» ናት የሚል ነገር የለበትም። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስቲቨን ዛሪት ከባልደረቦቹ ጋር በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጠይቅ ነው። መጀመሪያ 29 ጥያቄዎች ነበሩት፤ የተሻሻለው 22 አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 88 ይደርሳል። ለራስዎ ጊዜ ያጣሉ? ይናደዳሉ? የነገው ያስፈራዎታል? እያለ ይሄድና «ለዘመድዎ ከዚህ የበለጠ ማድረግ ነበረብኝ ይላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ «ሁልጊዜ» ብሎ የመለሰ ሰው ሙሉ 4 ነጥብ ይጨመርበታል። እንግዲህ ይህን የሚመልሰው እናቱን የጠላ ልጅ ነው? «ጫና አለብኝ ያለ አይወድም» የሚሉ ሰዎች መጠይቁን አንድ ጊዜ ቢያነቡት ብዬ እመኛለሁ።

በዚያው ጥናት የተገኘው ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ ቅርብ ነው። የመርሳት ችግር ያለባቸውን አረጋውያን የሚያስታምሙ ሰዎች ጫና ከታማሚው አስቸጋሪ ጠባይ ጋር አልተያያዘም። የተያያዘው ሌሎች የቤተሰብ አባላት መጥተው ከሚጠይቁበት ብዛት ጋር ነው፤ ጠያቂ የሚበዛላቸው ጫናቸው ያነሰ ነበር። የተጠኑት ታማሚዎች 29 ብቻ ነበሩና ብዙ አንደገፍበት፤ መጀመሪያውኑ የሚዋደድ ቤተሰብ ስለሆነ ጠያቂ በዝቶ ሊሆንም ይችላል። ያም ሆኖ «የፈረንጅ ወሬ» የተባለው ነገር ከመነሻው የሚያወራው ስለ ጥየቃ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ብዙ ሰው ተረቱን «ተካፈሉ» ለማለት ይጠቅሰውና ያልፋል። እኔ ግን ትንሽ ላቆየው። አንዷን ሎሚ የያዘ ሰው የሚያውቀው መዓዛዋን ነው። ሃምሳውን የተሸከመ የሚያውቀው ማንገቻው ትከሻውን የቆረጠበትን ቦታ ነው። ሁለቱም ስለ ሎሚ የሚናገሩት እውነት ነው። እሑድ እሑድ የሚመጣው ወንድም «እማዬ እኮ ደህና ናት፣ ትስቃለች» ሲል አልዋሸም፤ ለእሱ ስቃለታለች። ሌሊቱን ሦስቴ ተነስታ አንሶላ የቀየረችው እህት «ደህና አይደለችም» ስትልም አልዋሸችም። አልጋው አጠገብ የሚጣሉት ስለ አንዲት እናት ይመስላቸዋል እንጂ እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለያዙት ሎሚ ነው።

ሎሚውም አንድ ዓይነት አይደለም። የሰባ ዓመቷ ሚስት «አስታማሚ ነሽ» ብትባል ይገርማታል፤ «ባሌን ነው የማየው» ትላለች፣ የራሷ ጉልበትና የደም ግፊት ግን አብሯት አለ። ምራት ደከመኝ ብትል «የራሷ እናት ብትሆን» ትባላለች፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። ወንድ ልጅ እናቱን ገላዋን ማጠብ ያፍራል፣ እናቱም ታፍራለች፤ ስለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞሩን ይመርጣል፣ እሱም ሥራ ነው። ቤይሩት ወይም ጅዳ ያለችው ልጅ ዳይፐሩን ትከፍላለች እንጂ አትቀይርም፤ ስልኳ ያለሰዓቱ ሲጠራ ግን ሳታነሳው ልቧ ይመታል። ያ በእጅ አይያዝም፣ ይከብዳል ግን። በጥናቶች የሴቶች ጫና በአማካይ ከወንዶች ከፍ ይላል፣ ልዩነቱ ግን የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም፤ አማካይ ደግሞ ስለ እናንተ ቤት አይናገርም።

ሌላው የሚደባለቀው መጦርና ማስታመም ነው። «ጧሪ ቀባሪ» ስንል ሁሉንም የጠቀለልን ይመስለናል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ወላጅ ሲቸገር ልጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ይህ የመጦር ወገን ነው። አልጋ ላይ የቀረን ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ግን ማስታመም ነው፣ በገንዘብም ሙሉ በሙሉ አይተካም። (የአልጋ ቁስልን ሳላነሳ አላልፍም፦ በጠቆረ ቆዳ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው መቅላት ላይታይ ይችላል። ተረከዙንና የወገቡን ሥር በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፤ ከአካባቢው ይልቅ የሚሞቅ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በዚያ በኩል አታስተኙት።) አንዱ ጧሪ፣ ሌላው አስታማሚ ሆነው «ማን በለጠ» የሚባባሉ ወንድማማቾች የሚፎካከሩት በሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነው።

እርካታውስ? አለ። ጫናና እርካታ የአንድ ሚዛን ሁለት ጫፍ ስላልሆኑ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን ሁለቱም ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ጠዋት ምርቃት ተቀብላ ከሰዓት በጓዳ የምታለቅስ ልጅ ምርቃቱን አልናቀችም። በመጠይቁ ነጥቧ ከፍ አለ ማለትም በሽታ ተገኘባት ማለት አይደለም፤ እንቅልፍ ካጣች፣ መብላት ካቆመች፣ መኖር ካስጠላት ግን ጉዳዩ ከጫና አልፏልና ራሷ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ታማሚ ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡን ሰብስቤ የምጠይቀው «ማነው የሚያስታምመው?» ብዬ አይደለም፤ ለዚያ ሁሉም «እኛ» ይላሉ። «ሌሊት የሚነሳው ማነው?» እላለሁ። ስሙ ሲጠራ ምክሩን ለዚያ ሰው እሰጣለሁ፤ ለቀሩት ደግሞ በሳምንት የትኛውን ሌሊት እንደሚይዙ እዚያው ቆመው እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ።