«ኮታ ነው እንጂ!» ለምትሉኝ ሁሉ

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድን ነበር። ሐረጎ ላይ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ስለ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ወሬ ጀመሩ። «ኮታ ነው እንጂ፣ ሴት በምን አቅሟ!» አሉ። ጭጋጉን እያየሁ ዝም አልኩ። 14 ዓመት ሳስተምር ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

«ሴት ሆዷ ስስ ነው፣ ተማሪ መቅጣት አትችልም።» ኤፍ የሰጠኋቸውን ጠይቁ።

«ከጀርባ የሚመራት ባሏ ነው።» የኔ ባል ቢሮዬ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ አያውቅም።

«የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ማለት ጎበዝ መምህር ማለት ነው።» አይደለም። በጀት ነው፣ ግዥ ነው፣ የካፌ እንጀራ ነው፣ የዶርም ውኃ ነው። በ2014 ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ስናገኘው ተማሪ መልሶ ለመቀበል የሚያስፈልገው የመማሪያ ክፍል ችሎታ ብቻ አልነበረም።

«የወሎ ሴት መልኳ ነው የሚያሾማት።» ይቺ ታናድደኛለች። እቴጌ መነን የአምባሰል ልጅ ናቸው፤ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ደግሞ በእናታቸው ስም የተሰየመ ነው። እዚያ ተምሮ ወጥቶ «ሴት ትመራለች ወይ?» የሚለኝ ሰው አለ እኮ!

አሁን ወደ ኮታው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብም ለሴቶች ዝቅ ይል ነበር፣ አልክድም። ግን ነጥቡ ያስገባ ነበር እንጂ አያስመርቅም ነበር። ከረዳት ምሩቅ ተነስቶ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያሉ መውጣት አለ። ለዚህ ጥናት ማሳተም ያስፈልጋል፤ ጥናቱን የሚገመግመው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጸሐፊውን ስም እንኳ አያይም።

ኮታ ቢሆን ኖሮ ከ40 በላይ ከሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግማሾቹን ሴቶች በመሩ ነበር። የምናየው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የከፍተኛ ትምህርት በአገራችን በ1943 ተጀምሮ የመጀመሪያዋን ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር፣ ያለምፀሐይ መኮንንን፣ ለማየት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጠብቀናል። የምን ኮታ ነው እንዲህ የሚያዘግመው?

ኮታ ካላችሁ አንድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ የ120 ቀን ፈቃዴን ጨረስኩና ተመለስኩ። ያኔ የምሠራበት ተቋም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚላኩትን መርጦ ስም ዝርዝር ለጥፏል። የኔ ስም የለም። ኃላፊውን ስጠይቀው «አራስ ነሽ፣ እንዳናስቸግርሽ ብለን ነው። አብሽሪ፣ ሌላ ዙር አለ» አለኝ። ሌላው ዙር የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በኔ ቦታ የሄደው ልጅ ዛሬ ዲን፣ የፋኩልቲ ኃላፊ፣ ነው። እሱን ማንም «በኮታ» ብሎት አያውቅም።

ስለዚህ እናንት ገና የጀመራችሁ እህቶቼ፣ ለወሊድ ስትወጡ የትምህርት ዕድል ማመልከቻችሁን በጽሑፍ አስገብታችሁ፣ ማህተም የተደረገበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሲሰጧችሁ ጥሩ ሥራ ነው፣ ሥሩት፤ ግን የዲንነት ማስታወቂያ ሲወጣም ተወዳደሩ። ደግሞ በየስብሰባው ቃለ ጉባዔ ያዥ አትሁኑ። «እጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ሲሏችሁ እስክሪብቶውን አጠገባችሁ ላለው ወንድ አቀብሉት።