አሞርዛተር ምንድን ነው? ሞላስ?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ኩሽኔታ እየጠበቅኩ ነበር። አጠገቤ የቆመው ሰው «የቪትዜ ፊት ወርዷል፤ አሞርዛተር ስጠኝ» አለ። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቅ አወጣለት። ሌላ ገበያተኛ ደግሞ «አዎ፣ ክብደቱን መሸከም አቅቶት ነው» ብሎ አገዘው። «እቤትህ ራስህ ትቀይረዋለህ፣ ሁለት ሰዓት አይፈጅም» የሚል ምክርም መረቀለት። እኔ ኩሽኔታዬን ይዤ ዝም ብዬ ወጣሁ። ዝም በማለቴ ሲቆጨኝ ሰነበተ።

አሞርዛተር መኪና አይሸከምም። የሚሸከመው ሞላ ነው፤ ያ ጥምዝምዙ ብረት።

ሁለቱም ቃላት ከጣሊያን መጥተው ጋራዥ ውስጥ የቀሩ ናቸው። ሞላ ያው ሞላ ነው። የአሞርዛተር ሥር ግን «ሞት» ከሚለው ቃል ይመዘዛል፤ የሚያደነዝዝ፣ የሚገድል እንደ ማለት። የሚገድለው ንጥረቱን ነው። በአንድ አንቀጽ ትርጉም ከጣሊያን ጋር ያጣላን ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመባት ውጫሌ እዚሁ ወሎ ናት። እኛስ የጣሊያን ቃል ስንሰማ ሁለቴ መጠየቅ ነበረብን።

እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ቆማ ሳለች አንዱ የፊት ሞላ ወደ 250 ኪሎ ይዞ ነው የሚውለው። ጉድጓድ ስታገኝ ሞላው ይታመቅና መልሶ ይገፋታል። ብቻውን ቢተው በሰከንድ አንዴ ወይም አንዴ ተኩል ያህል እየነጠረች ትሄድ ነበር። አሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ ያሳልፈዋል፤ ንጥረቱም ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ከኩታበር መንገድ ስትመለሱ አሞርዛተሩን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከእሳት እንደራቀ ጀበና ለብ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፍሬኑን ግን እንዳትነኩ፣ ይልጣችኋል።

የባቲን ሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም። ሞላው ግመሉ ነው፤ ጭነቱ እሱ ላይ ነው። አሞርዛተሩ ገመድ የያዘው ሰውዬ ነው፤ አንድ ኪሎ አልተሸከመም፤ ሥራው ግመሉ እንዳይፈነጭ መያዝ ነው። ገመድ ያዡ ከደከመ ግመሉ ይፈነጫል፣ ጭነቱ ይናጣል፤ ቁመቱ ግን ያው ነው። ግመሉ ራሱ ተንበርክኮ ከሆነ ገመድ ያዥ ብትቀይሩለት አይነሳም። ሱቅ ውስጥ የነበረው ወንድሜ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ግመሉ ተንበርክኮበት ሌላ ገመድ ያዥ ቀጠረ። ደግሞም ሁለት ግመል ጎን ለጎን እየነዳችሁ አንዱን ለጎበዝ፣ አንዱን ለፈዛዛ አታስይዙም፤ ግራና ቀኙ አብሮ የሚቀየረው ለዚህ ነው።

የሙያ ጓደኞቼ እንዳይጮሁብኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጋዝ ያለበት አሞርዛተር ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ናይትሮጅን ታምቆበታል፤ ያ ግፊት ዘንጉን ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋዋል። መኪናዋን በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ቢያደርጋት ነው። ይሄን «ተሸከመ» የሚል ካለ ይበል።

የግመል ምሳሌዬ የሚሰናከልብኝ የመኪናው ፊት ላይ ነው። የአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ፊት አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፈው ዓይነት ነው። አሞርዛተሩ በሞላው መሃል አልፎ፣ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም አጥንትም ሆኗል። ገመድ ያዡ የግመሉ እግር ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ይሄን ባቲ ላይ አላየሁም። ሁለቱ ተቃቅፈው ስለሚወጡ ነው ሰው አንድ ዕቃ የሚመስለው።

«እቤትህ ትቀይረዋለህ» ላለው ሰውዬ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው፤ ሞላውን በምን ልትይዘው ነው? ክሪክ አገባብና ጎማ አፈታት አልናገርም። በብዙ መኪኖች ግን ኮፈኑን ስትከፍቱ ዙሪያውን ትንንሽ ዳዶዎች፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ታያላችሁ። ዕቃውን ለማውረድ የሚፈቱት የዙሪያዎቹ ናቸው። የመሃሉ ሞላውን አፍኖ የያዘው ነው። ዕቃው ወርዶ መሬት ላይ ቢጋደምም ሞላው እንደታመቀ ነው። ያ ዳዶ ሞላው በሞላ መጭመቂያ መሣሪያ ሳይያዝ ከተፈታ፣ ሞላው ተስፈንጥሮ ፊታችሁን ይዞ ይሄዳል። ሽቦና የጭነት ገመድ መጭመቂያ አይደሉም። መጭመቂያ ከሌላችሁ ዕቃውን እንዳለ አውርዳችሁ ጋራዥ ውሰዱት፤ ሞላውን እነሱ ያውጡት፣ እናንተ እቤት መልሳችሁ ግጠሙ። ነውር የለውም።

ኋላው ሌላ ነው። ቪትዝ ኋላ ላይ ሞላና አሞርዛተር ለየብቻ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ጎማው ተንጠልጥሎ እስከ የት እንደሚወርድ የሚወስነው አሞርዛተሩ ነው። አክስሉን በክሪክ ሳትደግፉ ከፈታችሁት ይወርድና ሞላው ከቦታው ይወጣል።

አምና አንድ ልጅ ግራ ፊቷ የተንጋደደ ቪትዝ አመጣልኝ። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ሁለቴ አሞርዛተር አስቀየርኩ፣ ያው ነው» አለ። ሜትር አውጥቼ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ፤ ግራው ከቀኙ በ2 ሳንቲሜትር ያንሳል። አወረድነው። የሞላው የታችኛው ጫፍ፣ የተቀመጠበት ሳህን ላይ ጭቃ የሚጠራቀምበት ጋ፣ ዝጎ ተሰብሯል። ስባሪው ጣት የሚያህል ነው፤ ጎበጥ ብሎ ጭቃው ውስጥ ተኝቷል። ሁለቴ የቀየረው ሰው ሁለቴም ሞላውን ሳያጥብ ነው የመለሰው።

ግራና ቀኝ ሞላ ቀየርንለት። ከፍሎ «በሉ ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ» ሲል ቁልፉን ቀማሁት። ጎማውን ከአሞርዛተሩ ጋር የያዙት ሁለቱ ቡሎኖች ከተፈቱ የጎማው ዝንባሌ ተነክቷል፤ እኔ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ብገጥመውም ግምት ነው። በዚያ ሁኔታ የሀረጎን ጠመዝማዛ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ አላስወርደውም። አኮረፈ። ቁልፉን የመለስኩለት አላይመንት ቤቱ በር ላይ ነው።